ለአጣዳፊ የሆድ ሕመም የመጣችን ሴት መመርመር፦ የማህፀን በኩል መንስኤዎችን በድንገተኛ ክፍል መለየት

በመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት አጣዳፊ የሆድ ሕመም ይዟት ስትመጣ፣ ስለ ትርፍ አንጀትም ሆነ ስለ ኩላሊት ጠጠር ከማሰብ በፊት የእርግዝና ምርመራ መታዘዝ አለበት። ሉፕ ማስገባቷ፣ የመከላከያ መርፌ መውሰዷ ወይም «የወር አበባዬ አልቀረም» ማለቷ ምርመራውን አያስቀርም፤ እንዲያውም ሉፕ ያላት ወይም የማህፀን ቱቦዋ የተቋጠረ ሴት ካረገዘች እርግዝናው ከማህፀን ውጪ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ታሪኳ ሲጠየቅ አስታማሚዎቿ በትሕትና ከክፍሉ ይውጡ፤ እናቷ አጠገቧ ቆማ «ልጄ አላገባችም» እያለች እውነቱን የምትናገር ወጣት ጥቂት ናት።

ምርመራው እርግዝና ካሳየ፣ ፅንሱ ማህፀን ውስጥ መሆኑ በአልትራሳውንድ እስኪረጋገጥ ድረስ ከማህፀን ውጪ ነው ብሎ መያዝ ይበጃል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው የወር አበባ ከመጣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ በታችኛው ሆድ ይጀምራል፤ ፅንሱ ያረፈበት የማህፀን ቱቦ ሲፈነዳ ደሙ ወደ ሆድ ዕቃ ስለሚፈስ ከውጭ የሚታየው ጥቂት ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም ሕመሙ ትከሻ ጫፍ ላይ ይሰማል። ደጋግሞ የሚፈጸመው ስህተት የደም ግፊቷና ሄሞግሎቢኗ (የደሟ መጠን መለኪያ) ደኅና ነው ተብሎ ወረፋ እንድትጠብቅ ማድረግ ነው። ወጣት ሴት ብዙ ደም እስክታጣ ግፊቷ ላይወርድ ይችላል፤ ሄሞግሎቢንም ደም መፍሰስ እንደጀመረ ወዲያው አይቀንስም። የልብ ምቷ ከፈጠነ፣ ከገረጣች ወይም ስትነሣ ካዞራት፣ ሁለት ሰፋፊ ካኑላ (ደምና ፈሳሽ የሚሰጥበት የደም ሥር ቱቦ) አስገብቶ ደም እያዘጋጁ የማህፀን ሐኪም መጥራት እንጂ ለምስል ወደ ሌላ ሕንፃ መላክ አይገባም።

እርግዝና ከሌለ፣ በአንድ ወገን በድንገት የጀመረና ከማስመለስ ጋር የመጣ ከባድ ሕመም የእንቁልጢ (የሴት እንቁላል የሚወጣበት አካል) መጠምዘዝን ያስጠረጥራል። የደም ፍሰትን በሚያሳየው በዶፕለር አልትራሳውንድ የደም ዝውውር መታየቱ መጠምዘዙን አያስቀርም፤ ሰዓታት በዘገዩ ቁጥር እንቁልጢውን የማዳን ዕድል ይጠባል። በሁለቱም ወገን ቀስ ብሎ የመጣ፣ ከትኩሳትና ከመጥፎ ፈሳሽ ጋር የታየ፣ የማህፀን በር ሲነካ የሚብስ ሕመም የማህፀንና የቱቦ ኢንፌክሽን ነው ብሎ ሕክምና ለመጀመር ይበቃል፤ በ72 ሰዓት ካልተሻላት መግል መቋጠሩ ይፈተሽ።

የቀኝ ወገን ሕመም እምብርት አካባቢ ጀምሮ ወደ ታች ከወረደና የምግብ ፍላጎቷን ከዘጋ ወደ ትርፍ አንጀት ያደላል። ካልለየ ግን በቀዶ ሕክምናና በማህፀን ክፍል መካከል ከምትመላለስ ሁለቱም ሐኪሞች አልጋዋ ድረስ መጥተው አብረው ይዩአት።