ሊስት አሥር አሥር አድርጎ ሲከፋፈል ጅራቱ ለምን ይጠፋል? (ፓይተን)

የቴሌግራም ቦት በአንድ አልበም ከ10 ፎቶ በላይ አይልክም፤ ስለዚህ ሊስቱ አሥር አሥር ተደርጎ መከፈል አለበት። ችግር የሚፈጠረው ብዙውን ጊዜ መጨረሻው ላይ ነው።

ምልክት፦ የመጨረሻዎቹ ፎቶዎች አይላኩም፤ ኤረር ግን የለም።

ምክንያት፦ ኮዱ ፎር ሉፕ ውስጥ የፊተኞቹን 10 እየወሰደ ከዚያው ሊስት ላይ ይሰርዛል። ፎር ሉፕ ደግሞ የሚቆጥረው ቦታ ነው፦ 0፣ 1፣ 2። ሊስቱ 21 ፎቶ ቢኖረው ከመጀመሪያው ዙር በኋላ 11፣ ከሁለተኛው በኋላ 1 ይቀራል። ሦስተኛው ዙር ቦታ 2ን ሲፈልግ ያጣዋል፤ ሥራው ያለቀ መስሎት ዝም ብሎ ያቆማል። ክፋቱ በ23 ፎቶ ሲሞከር ምንም ሳያጎድል መሥራቱ ነው።

መፍትሄ፦ ሊስቱን አይንኩት። ሬንጅን (ቁጥር በእርምጃ የሚቆጥረውን) ከ0 እስከ ሊስቱ ርዝመት በ10 እርምጃ ያስኪዱ፤ በየዙሩ ከደረሱበት ቦታ 10 ወደፊት ስላይስ ያድርጉ (ቆርጠው ይውሰዱ)። ስላይሱ ከሊስቱ ጫፍ ቢያልፍም ፓይተን ያለውን ይሰጣል እንጂ ኤረር አያወጣም፤ ለትርፉ ብሎ ኢፍ መደርደር አያስፈልግም።

21ዱ አሁን 10፣ 10 እና 1 ሆነው ይወጣሉ። ሆኖም ቴሌግራም ከ2 ያነሰ አልበምም አይቀበልም። ርዝመቱ 1 የሆነውን ቁራጭ በነጠላ ፎቶ መላኪያው ይላኩት።

ሊስቱ ሳይነካ ጅራቱ ከጠፋ ቁራጮቹን የሠሩበትን ዚፕ የተባለ የፓይተን ፈንክሽን ይጠርጥሩ፤ ያልሞላውን ቁራጭ ይጥለዋል።

ምልክት፦ የተሰበሰቡት ቁራጮች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ወይም ሁሉም ባዶ።

ፎቶዎቹ አንድ በአንድ የሚገቡበት መጠራቀሚያ ሊስት 10 ሲሞላ ውጤቱ ላይ ጨምረው በክሊር ካጸዱት፣ የጨመሩት ያንኑ ሊስት እንጂ ቅጂውን ስላልሆነ አብሮ ይጸዳል። በክሊር ፈንታ አዲስ ባዶ ሊስት ይመድቡ። ሉፑ ሲያበቃ ያልሞላ ቀሪ ካለም ይጨምሩት።

ምልክት፦ ጀነሬተር (ዕቃዎቹን አንድ በአንድ የሚያወጣ ምንጭ) ርዝመት የለውም የሚል ታይፕ ኤረር።

ትልቅ ፋይል መስመር በመስመር ሲነበብ ርዝመቱ ቀድሞ ስለማይታወቅ ሬንጅ አይሠራም። ከፓይተን 3.12 ጀምሮ ኢተርቱልስ በሚባለው የፓይተን ሞጁል ውስጥ ቁራጭ የሚሠራ ባችድ አለ፤ የሚመልሰው ቱፕል (የማይለወጥ ሊስት መሰል) ነው። በቀደሙት ስሪቶች በየዙሩ 10 ለመውሰድ የዚያኑ ሞጁል አይስላይስ ይጠቀሙ፤ ባዶ ቁራጭ ሲመጣ ግን ሉፑን ያቁሙ፣ አለዚያ ማለቂያ የለውም። ለአይስላይስ የሚሰጡትም አስቀድመው አንድ ጊዜ በኢተር የሠሩትን ኢተሬተር (የደረሰበትን ቦታ የሚያስታውስ አንባቢ) ይሁን። ሊስቱን ራሱን ከሰጡት በየዙሩ የመጀመሪያዎቹን 10 ብቻ ይደጋግማል።