ትናንሽ ጋርተር እባቦችን አብሮ ሲያኖሩ የሚሠሩ ስህተቶች

ሰሞኑን አንዲት እህት ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችኝ። የእርሳስ ያህል እንኳ ያልወፈሩ ሦስት ጋርተር እባቦች (ሰው ቤት የሚያረባቸው ቀጫጭን የሰሜን አሜሪካ እባቦች ናቸው) በአንዲት የኮኮናት ቅርፊት ሥር ተጠቅልለው ተኝተዋል። «እንዴት እንደሚዋደዱ እያቸው፣ ወንድሜ!» አለችኝ። እኔ ያየሁት ግን ቤታቸውን ነው። አንድ የውሃ ሳህን፣ ከላይ መብራት፣ የቀረው ባዶ ሜዳ። ሌላ መደበቂያ የለም።

እዚህ ሜሪላንድ ልጆቻቸው «እባብ ግዙልን» ብለው ያስጨነቋቸው ሐበሻ ወላጆች ሲደውሉልኝ፣ ብዙ ጊዜ የማገኘው ይህንኑ ነው። እውነት ነው፣ ጋርተር አብሮ መኖር ይችላል። ካናዳ ውስጥ፣ ማኒቶባ ናርሲስ በሚባል ቦታ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጋርተሮች የበረዶውን ወራት ከመሬት በታች ተጠጋግተው ያሳልፋሉ። በ2020 የወጣ የካናዳ ጥናትም ወጣት ጋርተሮች አብረዋቸው መሆን የሚወዷቸው የተወሰኑ እባቦች እንዳሉ አሳይቷል። ግን ጓደኛ የሚመረጠው መሄጃ ሲኖር ነው! አንድ ቅርፊት ብቻ ካለ ወደዱም ጠሉም እዚያው ይከመራሉ።

የባሰም አለ። ያ አንድ መደበቂያ ቀዝቃዛው ጥግ ላይ ሲቀመጥ እባቡ ወይ ይሞቃል ወይ ይደበቃል። ትንሽ ጋርተር ወፉም ድመቱም የሚበላው ፍጥረት ስለሆነ መደበቁን ይመርጣል። ካልሞቀ ደግሞ የበላው አይፈጭለትም፣ ይተፋዋል። ከዚያ «ታመመብኝ» ተብሎ ይደወልልኛል።

ስለዚህ ለሦስት እባብ ቢያንስ አራት መደበቂያ አድርጉ። ሁለቱን 29 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሚሆነው ሞቃት በኩል፣ ሁለቱን 23 ገደማ በሆነው ቀዝቃዛ በኩል። ጠበብ ይበሉ። እባብ የሚረጋጋው ጎኑና ጀርባው ግድግዳውን ሲነካ ነው። ገንዘብ አታባክኑ፤ የሶፍት መሃል ካርቶን በጣም ጥሩ ነው፣ ሲቆሽሽ ይጣላል። አንድ ተጨማሪ ደግሞ፣ ክዳን ያለው ትንሽ ፕላስቲክ ዕቃ ቀዳዳ አብጁለትና እርጥብ ሞስ (ውሃ የሚይዝ ለስላሳ ሽበት መሰል ተክል) ጨምሩበት። ቆዳ ሲቀይሩ እዚያ ይገባሉ። የቀረው ወለል ግን ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ ላይ የሚተኛ እባብ ሆዱ ይቆስላል።

ከባድ ድንጋይ በአፈር ላይ አታስቀምጡ። እባቡ ሥሩን ሲቆፍር ይጫነዋል።

ካርቶን ለማያያዝ ፕላስተር አትጠቀሙ። አንድ ልጅ ሆዱ በሙሉ የተጣበቀበት እባብ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። በምግብ ዘይት እያራስኩ፣ ቅርፊቱ እንዳይላጥ እየፈራሁ፣ በጥጥ እንጨት ቀስ በቀስ ነው ያላቀቅኩት።

አብሮ ማብላትን በተመለከተ፣ ይህን ስህተት ራሴ ሠርቻለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ለሁለት እባቦች አንድ ላይ የምድር ትል ጥዬላቸው ስልክ ላነሳ ወጣሁ። ስመለስ አንዱን ትል ከሁለት ጫፍ ይዘውት መሃል ላይ ተገናኝተዋል፤ የትንሹ ጭንቅላት ትልቁ አፍ ውስጥ ነው። ጥርሳቸው ወደ ኋላ የታጠፈ ስለሆነ የያዙትን በቀላሉ አይለቁም። ሳወጣው ትንፋሽ አልነበረውም። ከዚያ ቀን ወዲህ እያንዳንዱ በየራሱ ዕቃ ይበላል። አፋቸው ላይ የቀረውን የትል ሽታ በእርጥብ ጨርቅ ሳልጠርግም አልመልሳቸውም።

ትሉን ስትገዙ ለኮምፖስት የሚሸጠውን ቀይ ትል ተዉት፣ ይመርዛቸዋል። ትልቅና ትንሽ እባብ አትቀላቅሉ። አዲስ የመጣውን ደግሞ ሁለት ሦስት ወር ለብቻው አቆዩት።

ያቺ እህት በዚያው ምሽት አራት የሶፍት ካርቶን አስገባችላቸው። በማግስቱ ሌላ ፎቶ ላከችልኝ። ሁለቱ አሁንም ኮኮናቱ ሥር አብረው ናቸው። ሦስተኛው ግን ሞቃቱ በኩል ካለው ካርቶን ውስጥ አፍንጫውን ብቻ አውጥቷል።