ከራስ ፓርቲ ሰው ጋር ሳይሰዳደቡ ፕራይመሪን መጨረስ

የሌላ ፓርቲ ደጋፊ ሲሰድብ ብዙም አይከነክንም፤ የሚጠበቅ ነውና። የሚያንገበግበው የራስ ወገን ሲሰድብ ነው። በአሜሪካ ፕራይመሪ በሚባለው፣ አንድ ፓርቲ ከራሱ ሰዎች መካከል ዕጩውን በሚመርጥበት ዙር፣ የሚፋጠጡት በአብዛኛው ጉዳይ የሚስማሙ ሰዎች ናቸው። በ2020 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዲሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩዎች የጤና መድን ለብዙ ሰው ይዳረስ በሚለው ላይ አልተጣሉም፤ የተጣሉት መንገዱ ላይ ነው። ልዩነቱ በጠበበ ቁጥር መከራከሪያው ቶሎ ያልቃል፤ ክርክሩ ግን አያልቅም። ስለዚህ ከፖሊሲው ወደ ዕጩው፣ ከዕጩው ወደ ደጋፊው ይዞራል።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ ያሉ አማርኛ ተናጋሪ ዲሞክራቶች የሚሰባሰቡበትን አንድ የቴሌግራም ቡድን ከሚያስተዳድሩት አንዷ ነኝ። ነርሶች፣ ሹፌሮች፣ መምህራን፣ ጡረታ የወጡ አባቶችና ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሚሰጡ ተማሪዎች አሉበት። የየትኛው ዕጩ ደጋፊ እንደነበርኩ አልናገርም፤ ከተናገርኩ ከዚህ አንቀጽ የሚያልፈው አንባቢ ግማሽ ነው። የምጽፈው እንዲህ ዓይነት ቡድን ለሚያስተዳድር ሰው ነው። “እባካችሁ ተከባበሩ” የሚለውን ማስታወቂያ በምክሬ ውስጥ አታገኙትም። ሲለጠፍ እንጂ ሲሠራ አላየሁም።

መጀመሪያ የምርጫውን ደንብ አስተምሩ

ይህን ከሥነ ምግባር ደንብ የማስቀድመው ሆን ብዬ ነው። ክፉው ስድብ የሚነሳው “ተዘረፍን” ከሚል ስሜት ነው፤ “ተዘረፍን” ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ደንቡን ካለማወቅ ነው። የእኛው ቡድን ጥሩ ምሳሌ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ መራጭ ሲመዘገብ የፓርቲ አባልነት አይጠየቅም፤ ስለዚህ ማንኛውም የተመዘገበ መራጭ ከሁለቱ ፓርቲዎች በአንዱ ፕራይመሪ መሳተፍ ይችላል። ወንዙን ተሻግረው ሜሪላንድ ሲደርሱ ግን በዲሞክራቶች ፕራይመሪ ድምፅ የሚሰጠው በዲሞክራትነት የተመዘገበ ብቻ ነው። የቨርጂኒያው ሰው “ማንም ምንም ሳይጠይቀኝ መረጥኩ” ሲል፣ ፓርቲ ሳይመርጥ ተመዝግቦ የዲሞክራቶችን ወረቀት የተከለከለው ሜሪላንዳዊ ሤራ ይታየዋል።

በ2016 የኒው ዮርክ ፕራይመሪ የተካሄደው ኤፕሪል 19 ነበር። ቀድሞ የተመዘገበ ሰው ፓርቲውን ለመቀየር የነበረው የመጨረሻ ቀን ግን ኦክቶበር 9 ቀን 2015 ነበር፤ ከስድስት ወር በላይ ቀደም ብሎ ማለት ነው። ከሂላሪ ክሊንተን ጋር ለዲሞክራቶች ዕጩነት ይፎካከሩ የነበሩት የበርኒ ሳንደርስ ብዙ ደጋፊዎች በዚህ ተቆጡ። የዶናልድ ትራምፕ ልጆች ኢቫንካና ኤሪክም በዚሁ ደንብ ምክንያት ለአባታቸው ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ። ይህችን ታሪክ ቡድናችን ውስጥ ደጋግሜ አነሳታለሁ፤ ደንቡ የወጣው እኛን ለመጉዳት ነው የሚለውን ሰው ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ ፈጥና ታበርደዋለች።

ስለዚህ ከመጀመሪያው የቴሌቪዥን ክርክር በፊት በቡድኑ አናት ላይ አንድ መልእክት ስቀሉ። የየግዛቱ የምዝገባ መዝጊያ ቀን፣ ማን ድምፅ መስጠት እንደሚችል፣ በፓርቲው ጉባኤ ዕጩውን የሚሰይሙት ተወካዮች እንዴት እንደሚከፋፈሉ ይኑርበት። በተለይ የ15 በመቶውን ነገር አትርሱ። በዲሞክራቶች ደንብ በግዛት ወይም በምርጫ ወረዳ ደረጃ ከ15 በመቶ በታች ያገኘ ዕጩ ከዚያ ቦታ ተወካይ አያገኝም። 14 በመቶ አግኝቶ ባዶ እጁን የቀረ ዕጩ ደጋፊ ይህን ቀድሞ ካላወቀ፣ በዚያ ሌሊት የሚጽፈውን ማንበብ አትፈልጉም።

ውጤት የሚጠበቅበት ሌሊት

ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2020 የዲሞክራቶች የዕጩ ምርጫ በጀመረባት አዮዋ ውስጥ ውጤት ለማስተላለፍ የተዘጋጀው የስልክ መተግበሪያ ተበላሸና አገሩ ሁሉ ውጤት ሳይሰማ አደረ። ከዕጩዎቹ አንዱ፣ የቀድሞው ከንቲባ ፒት ቡቲጄጅ፣ ቁጥሩ ሳይወጣ የድል ንግግር አደረጉ። የምርጫ ዘመቻቸው መተግበሪያውን ለሠራው ኩባንያ ቀደም ሲል ለሌላ አገልግሎት ገንዘብ ከፍሎ እንደነበር ሲሰማ ደግሞ “አጭበርባሪው ከንቲባ” የሚለው ስያሜ በትዊተር ላይ ተዛመተ። መተግበሪያው የተበላሸው በራሱ ጉድለት ነበር፤ ግን ባዶ ሆኖ ያደረውን ሰዓት የሞላው ጥርጣሬ ነው።

እንዲህ ባለ ሌሊት ምክር አይሠራም፤ ቁልፍ ነው የሚሠራው። ቴሌግራም አንድ ሰው በስንት ጊዜ አንድ መልእክት መላክ እንደሚችል አስተዳዳሪው እንዲወስን ይፈቅዳል፤ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ። እኛ የምርጫ ጣቢያዎች ከሚዘጉበት ሰዓት ጀምሮ እስከ ማግስቱ ጠዋት ድረስ ክፍተቱን የአንድ ሰዓት እናደርገዋለን፤ የድምፅ መልእክትም እንዘጋለን። አንድ ዕድል ብቻ ያለው ሰው ስድብ ላይ አያባክነውም። የሚያባክን ቢኖር እንኳን ደግሞ ለመጻፍ አንድ ሰዓት ይጠብቃል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደግሞ ብዙ ሰው ይተኛል።

ምን ይፈቀድ፣ ምን ይከልከል

ረጅም የክልከላ ዝርዝር አታውጡ፤ ጠብ ያለሽ በዳቦ የሆነ ሰው ዝርዝሩን አጥንቶ በመካከሉ ማለፊያ ያገኛል። የእኛ ደንብ አንድ ነው፦ ዕጩው ያደረገው ነገር ይነቀፋል፣ ዕጩውን የመረጠ ሰው አይነካም። ጆ ባይደን በ2002 ለኢራቅ ጦርነት ፈቃድ የሰጠውን ውሳኔ ደግፈዋል ማለት ይቻላል። ሳንደርስ በ1993 የጦር መሣሪያ ገዢን ማጣራት የሚያዘውን የብሬዲ ሕግ ተቃውመዋል ማለትም ይቻላል። ሁለቱም እውነት ነው፣ ሁለቱም ያማል፤ ይመም። “ባይደንን የምትመርጡ እጃችሁ ደም አለበት” ግን ይሰረዛል። ክርክሩን ለማለዘብ አትሞክሩ። ለስላሳ ቡድን ውስጥ ቁም ነገር ያለው ሰው አይቆይም።

ሥዕልም እንደ ቃል ይቆጠር። በጃንዋሪ 2020 ሌላዋ ዕጩ ኤሊዛቤት ዋረንና ሳንደርስ በዴ ሞይን ከተማ ክርክር ላይ ከተጋጩ በኋላ የዋረን ገጽ በእባብ ምልክት ተጥለቀለቀ። እባቡ ያለ አንዲት ቃል ይሳደባል።

“ስድብ ማንን ይጎዳል?” ለሚል ሰው የማነሳው የኔቫዳውን ነው። በፌብሩዋሪ 2020 ወደ 60 ሺህ አባላት ያሉት የላስ ቬጋስ የሆቴልና የምግብ ቤት ሠራተኞች ማኅበር የሳንደርስን የጤና ዕቅድ የሚነቅፍ ወረቀት አሰራጨ። የማኅበሩ መሪ የሆኑ ሴቶች ላይ የስድብ መዓት ወረደ። ሳንደርስ ድርጊቱን አወገዙ፤ ቢሆንም በዚያው ወር ላስ ቬጋስ ላይ በተካሄደው ክርክር በአገር ፊት ስለ ጤና ዕቅዳቸው ሊናገሩበት የሚችሉትን ደቂቃ፣ በማያውቋቸው ሰዎች ስድብ ሲጠየቁና ሲመልሱ አሳለፉት። ከቀናት በኋላ ኔቫዳን አሸንፈዋል፤ ስለዚህ ስድብ ምርጫ ያሳጣል ወይም አያሳጣም የሚል ስሌት ውስጥ አልገባም። የጠፋው ደቂቃ ይበቃኛል።

ሰዳቢው ማን ነው?

በፌብሩዋሪ 2018 የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር 13 ሩሲያውያንና 3 ድርጅቶች ላይ ክስ መሥርቶ ነበር። በክሱ መሠረት በሐሰተኛ አካውንት የሚጽፉት ሠራተኞች ሳንደርስንና ትራምፕን ትተው ክሊንተንንና ሌሎቹን እንዲያጠቁ ታዝዘው ነበር። ስለዚህ አዲስ ገቢን ማጣራት ተገቢ ነው። ስለሚኖርበት ግዛት አንድ ቀላል ጥያቄ ጠይቁ፦ ድምፅ መስጫህ የት ነው? የምዝገባው ቀን አልፏል? እውነተኛ መራጭ ያማርራል ወይም ይመልሳል፤ ሐሰተኛው ወደ ስድቡ ይመለሳል።

ይህን ግን አታብዙት። “አንተ ሩሲያዊ ነህ” ራሱ ስድብ ሆኗል። እኛ እስካሁን ያስወጣናቸው ሰዎች በሙሉ በአካል የምናውቃቸው ናቸው፤ የአንዱ ሠርግ ላይም ተገኝቻለሁ።

ምንጩ ያልታወቀ የድምፅ ቅጂና ምስል ግን ሳይጣራ አይለፍ። በጃንዋሪ 2024 ከኒው ሃምፕሸር ፕራይመሪ በፊት የባይደንን ድምፅ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አስመስሎ “አትምረጡ” የሚል የስልክ ጥሪ ለብዙ መራጮች ደርሷል። በ2023 ደግሞ የሮን ዴሳንቲስ ዘመቻ ትራምፕ የኮቪድ ዘመን የጤና አማካሪውን ዶክተር ፋውቺን ሲያቅፉ የሚያሳዩ ሰው ሠራሽ ምስሎች ያሉበት ቪዲዮ አውጥቷል። ከባላጋራ ፓርቲ የመጣ አልነበረም፤ ሁለቱም ሪፐብሊካን ናቸው።

ጋሼን ምን እናድርጋቸው?

በየትኛውም የአማርኛ ቡድን ውስጥ አንድ ጋሼ አሉ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ረጅም የድምፅ መልእክት ይልካሉ፤ በመካከሉ “የእገሌ ደጋፊ ሁሉ ያልበሰለ ነው” የሚል ይወጣቸዋል። አንዲት ተማሪ በጨዋ ቃል ትመልሳለች። እሳቸው “ማን ነው ያሳደገሽ?” ይላሉ። ከዚህ በኋላ ስለ ምርጫው የሚናገር የለም፤ ግማሹ ቡድን ለዕድሜያቸው፣ ግማሹ ለልጅቱ ይቆማል።

በአደባባይ አትገሥጿቸው። መልእክቱን ዝም ብላችሁ አንሱና በማግስቱ ደውሉ፤ ጽሑፍ አትላኩ። የሚደውለውም በዕድሜ የሚቀርባቸው ሰው ይሁን። ሰላምታው ሙሉ ይሁን፤ ልጆቹ፣ ጤናው፣ ሥራው ይጠየቅ። ከዚያ “ጋሼ፣ እሳቸውን ለምን እንደመረጡ ቢያስረዱን?” ብሎ ማዳመጥ ነው። ብዙ ጊዜ ከቁጣው ሥር እውነተኛ ነገር ይገኛል፦ ለጡረተኞች የሚሰጠው የጤና መድን ይነካብኛል የሚል ስጋት፣ ወይም መንግሥት ሁሉን ሲይዝ ያዩት መከራ። ያንኑ ለቡድኑ እንዲናገሩት ጠይቋቸው፤ ማንንም ሳይነኩ፣ ቀን፣ በአጭሩ። ሁለተኛ ከተደገመ ለአንድ ሳምንት እንደሚታገዱ በስልክ ይነገራቸው። ሦስተኛ ከመጣ እንደማንም ይወጣሉ። አንቱታ ከደንብ አያስመልጥም።

አስተዳዳሪዎች ሁልጊዜ የሚረሱት አንድ ነገር አለ፤ ለልጅቱም ደውሉላት። ለጋሼ ሽምግልና ሲላክ እሷ ከቡድኑ ወጥታ፣ ምናልባትም ድምፅ መስጠቱንም ትታው ትገኛለች።

የአገር ቤት ፖለቲካን በተመለከተ አጭር ነኝ፦ አይነሳም። ስለ ሜሪላንድ የምክር ቤት ዕጩ የተጀመረ ክርክር በጥቂት ልውውጥ የሰዎች ብሔር ላይ ሲደርስ አይቻለሁ። ይህን ደንብ የጣሰ ማስጠንቀቂያ አይሰጠውም።

ስድቡ ዛቻ ሲሆን

በሜይ 2016 ላስ ቬጋስ ውስጥ ከተካሄደው የኔቫዳ ዲሞክራቶች ጉባኤ በኋላ የግዛቱ የፓርቲ ሊቀ መንበር ስልክ ቁጥር በኢንተርኔት ተሰራጭቶ በእሳቸውና በቤተሰባቸው ላይ ዛቻ ዘንቧል። የሰው ስልክ፣ አድራሻ፣ የሥራ ቦታ ወይም የልጅ ፎቶ የለጠፈ ሰው በዚያችው ደቂቃ ይውጣ፤ ቀልድ ነበር ቢልም።

ዛቻ ሲመጣ ግን ለመሰረዝ አትቸኩሉ። መጀመሪያ የስክሪኑን ምስል አስቀሩ፤ የላኪው ስምና ሰዓቱ ይታይ። መልስ አትስጡ፤ ምስሉንም ለወዳጅ አታዳርሱ። ከዚያ ለቴሌግራም ሪፖርት አድርጉና ለፖሊስ ወይም ለኤፍቢአይ አሳውቁ። ከአንድ ግዛት ወደ ሌላ የሚላክ ሰው የመጉዳት ዛቻ በፌዴራል ሕግ እስከ 5 ዓመት እስራት ያስቀጣል። “ያገራችን ልጅ ነው፣ በሽማግሌ ይለቅ” የሚል ሰው ይመጣል። ውሳኔው የተዛተበት ሰው እንጂ የሽማግሌ አይደለም።

ዕጩው ሲሸነፍ

ሳንደርስ ጁላይ 12 ቀን 2016 ለክሊንተን ድጋፋቸውን ሰጡ። ጁላይ 25 ፊላደልፊያ ላይ “ክሊንተንን መምረጥ አለብን” ሲሉ የገዛ ደጋፊዎቻቸው ጮኹባቸው። ዕጩው ራሱ ያልቻለውን አስተዳዳሪ በአንድ መልእክት አይችለውም። ስለዚህ የተሸነፈ ወገን ላይ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት “ታዲያ ለአሸናፊው ትመርጣላችሁ አይደል?” የሚል ጥያቄ አይነሳ። አሸናፊዎቹ የድል ሥዕላቸውን ሌላ ቦታ ይለጥፉ። ይቅርታ ጠይቁን የሚል ጥያቄም ከሁለቱም ወገን ተቀባይነት የለውም፤ ሒሳቡ የትም አያልቅም።

ከዚያ ሥራ ስጧቸው። በኖቬምበሩ ምርጫ መራጭ የሚያስመዘግብ፣ አማርኛ ብቻ ለሚችሉ እናቶች የድምፅ መስጫ ወረቀቱን የሚያስረዳ፣ ያለ መኪና ያሉትን ወደ ጣቢያ የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል። የስልክ ዝርዝሩን ለሁለት ሁለት ሰው ስናከፋፍል አንዱን ከአሸናፊው፣ አንዱን ከተሸናፊው እናደርጋለን። አንድ ጥንድ ባለፈው ጊዜ የተመደበለትን ዝርዝር ጨርሶ ተጨማሪ ጠይቆናል፤ እርስ በርስ ግን አሁንም ስለዚያ ፕራይመሪ አያነሱም፤ እኛም አንጠይቃቸውም።