ጠላቂው ማጥመጃ አልጠልቅ ሲል

ሥራዬ አቃቂ፣ ቶርኖ ቤት ነው። እሑድ እሑድ ግን ከቆቃ ወይም ከባቦጋያ ዳር አልታጣም። ማይክሮሜትር (ውፍረት የሚለካ መሣሪያ) ስላለኝ ብቻ የሠፈሩ አጥማጆች ወጌሻ ሆኜ ቀርቻለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ከብረቱ ቀድሞ ጠረጴዛዬ ላይ የሚወጣው የተወሳሰበ ክር ነው።

እዚህ የምጽፈው ከአፉ በታች ረጅም የፕላስቲክ ምላስ ስላለው፣ ሲጎተት ራሱን ደፍቶ ወደ ታች ስለሚወርደው አሳ መሳይ ማጥመጃ ነው። አምባዛ የሚያዘው በትል ብቻ ነው የሚል ሰው ጊዜውን አያባክን። መንጠቆ መሳልና የክር ማጠንጠኛ ማጽዳት የታወቀ ስለሆነ አልደግመውም።

ምልክት፦ ሳጥኑ «5 ሜትር» ይላል፣ ማጥመጃው ግን 3 ሜትር ላይ ያለውን ጭቃ አይነካም

ምክንያቱ ክሩ ነው። ማጥመጃው አይደለም፣ ውሃው አይደለም፣ ሻጩም አይደለም (እሱ ሌላ ኃጢአት አለበት፤ እመጣበታለሁ)። ክሩ ወፍሯል።

ማጥመጃው ሲጎተት ውሃው ምላሱን እየተጫነ ወደ ታች ይወስደዋል። ነገር ግን አብሮት የሚጎተተው ክርም ውሃውን መሰንጠቅ አለበት። ሃያ ሜትር ክር ውሃ ውስጥ ካለ ሃያውም ሜትር ይገፋል፤ ክሩ ይጎብጥና የማጥመጃውን አፍንጫ ወደ ላይ ያነሣዋል። የምላሱ ግፊትና የክሩ ሸክም እኩል በሆኑበት ቦታ መጥለቁ ያበቃል። በክረምት በሞላ አዋሽ ላይ ገመድ ዘርግቶ የያዘ ሰው ይህን በክንዱ ያውቀዋል፤ ወፍራሙ ገመድና ሲባጎው እኩል አይጎትቱም።

ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ጥልቀት በረጅም ውርወራና በቀጭን ክር የሚገኝ ነው፤ ብዙ ጊዜ 4.5 ኪሎ ግራም በሚችል፣ ውፍረቱ 0.30 ሚሊሜትር ገደማ በሆነ ናይለን። እኛ 0.45 ጠቅልለን ማጥመጃውን እንሰድባለን።

አንድ ወጣት ከቱሉ ዲምቱ መጣ። «ጋሼ፣ ሦስተኛ ማጥመጃ ገዛሁ፤ አንዱም አይጠልቅም» አለኝ። የሦስቱንም ምላስ አየሁ፤ ደህና ናቸው። ክሩስ? «0.30 ነው፣ ጥቅሉ ላይ ተጽፏል» አለ። በማይክሮሜትር ያዝሁት፤ 0.42። ክንድ ያህል ወረድ ብዬ ለካሁ፤ 0.38። ደግሞ ወረድ አልሁ፤ 0.44። እንቁራሪት የዋጠ እባብ እንጂ ክር አይደለም! የሻጩ ኃጢአት ይህ ነው። ጠንካራ ለማስመሰል ክሩን ያወፍሩታል፣ ቀጭን ለማስመሰል ቁጥሩን ያሳንሱታል። ርካሽ ጥቅል የምትገዙ ሰዎች፣ የሚለጠፍበትን ወረቀት ነው የገዛችሁት።

እሑድ አብረን ቆቃ ወረድን። በየሜትሩ በተቋጠረ ሲባጎና በድንጋይ 4 ሜትር የሚሆን ቦታ ፈልገን ጀልባውን አቆምን። በእሱ ክር ደጋግመን ወረወርን፤ ምንም። ያንኑ ማጥመጃ በእኔ 0.18 ጉንጉን ክር (ከቀጫጭን ክሮች የተጎነጎነ) ላይ አሠርሁት። በሁለተኛው ውርወራ ምላሱ ጭቃ ይዞ ወጣ። ልጁ ምንም አላለም፤ በከንቱ የገዛቸውን ሁለቱን ከኪሱ አውጥቶ ዝም ብሎ ያያቸው ነበር።

ከእሱ የባሱ አንድ ጡረተኛ የከባድ መኪና ሹፌር አሉ። የእሳቸው ክር 0.60 ነው። «እንዳይበጠስብኝ ብዬ ነው» አሉኝ። «አባባ፣ የሚጎትቱት አምባዛ ነው ወይስ ተሳቢ?» ብላቸው ስቀው ሄዱ፤ ክሩን ግን አልቀየሩም። እስከ ዛሬ «የቆቃ አሳ አልቋል» እያሉ ያወራሉ።

መፍትሄው፦ ክር ስትገዙ ኪሎውን ትታችሁ ሚሊሜትሩን ጠይቁ፤ የተነገራችሁንም አትመኑ። ማይክሮሜትር የሌለው ሰው ናይለኑን እርሳስ ላይ ሃያ ዙር አጠጋግቶ ይጠምጥምና በማስመሪያ ይለካ። ሃያው ዙር 6 ሚሊሜትር ከያዘ 0.30 ነው፤ 9 ከያዘ ተታላችኋል። ጉንጉን ክር ግን ሲጠመጠም ስለሚደፈጠጥ በዚህ ዘዴ በትክክል አይለካም።

ለዚህ ማጥመጃ ናይለን ከሆነ ከ0.30 አትለፉ። ጉንጉን ከሆነ ከ0.15 እስከ 0.20 ይበቃል፤ ደህና የተሠራ 0.18 ጉንጉን ከ0.35 ናይለን ይበልጥ ይችላል። «ጉንጉን ክር ይንሳፈፋል፣ እንዴት ያጠልቃል?» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ከውሃ ትንሽ ይቀላል። ግን ሲጎተት የሚወስነው ክብደቱ ሳይሆን ውፍረቱ ነው። ፍሎሮካርቦን የሚባለው ሌላው የፕላስቲክ ክር ከውሃ አንድ ጊዜ ተኩል በላይ ይከብዳልና ይሰምጣል፤ ቢሆንም ወፍራም ፍሎሮካርቦን ከቀጭን ጉንጉን ክር አይበልጥም። ዋጋውም ኪስ ያስለቅሳል።

ክሩ ተቀይሮም ካልጠለቀ ውርወራው አጭር ነው። ማጥመጃው ገና መውረድ ሲጀምር ወደ ላይ የምትጎትቱት ከሆነ ምን ያድርግ? የዘንጉን ጫፍ ወደ ውሃው ዝቅ አድርጉ። አብዝቶ ማፍጠን አያጠልቅም፤ ከልክ ሲያልፍ ማጥመጃው ይገለበጥና ይወጣል።

ምልክት፦ ጠለቀ፣ አሳውም ያዘ፣ ጀልባው አጠገብ ሲደርስ ግን ያመልጣል

ይህ ከናይለን ወደ ጉንጉን የተሻገሩ ሰዎች በሽታ ነው። ናይለን ይለጠጣል፣ የአሳውን ግርግር ይውጣል። ጉንጉን አይለጠጥም፤ አምባዛው ራሱን ሲወዘውዝ መንጠቆው ሥጋውን ቀዶ ይወጣል። የማጠንጠኛውን ፍሬን (አሳው ሲጎትት ክሩን የሚይዘውን) አላሉት፣ ለስላሳ ዘንግ ያዙ፣ በጉንጉኑና በማጥመጃው መካከል አንድ ሜትር 0.30 ናይለን ወይም ፍሎሮካርቦን ቀጥሉ።

ጉንጉን ክር በእጅ ጠምጥማችሁ አትጎትቱ። ደግሜ እላለሁ፣ በእጅ ጠምጥማችሁ አትጎትቱ። እንደ ምላጭ ነው፤ የሌባ ጣቴ ጠባሳ ምስክር ነው። እንጨት ላይ ጠምጥሙት።

ምልክት፦ ማጥመጃው ወደ ጎን ይሮጣል

ክር የሚታሰርበት የሽቦ ቀለበት ተጣሟል። ወደ እናንተ ሲመጣ ወደ ቀኛችሁ ካመለጠ፣ አፍንጫውን ወደ እናንተ አዙራችሁ ቀለበቱን በፒንሳ በጥቂቱ ወደ ግራችሁ አዘንብሉ። በጥቂቱ! እንደ ፌሮ ብረት የሚያጥፉትን አይቻለሁ።

ምልክት፦ በተደጋጋሚ ቋጠሮው ላይ ይለቃል

ጫፉን ተመልከቱ። ተጠምዝዞ ከተኮማተረ ክሩ አልተበጠሰም፣ ቋጠሮው ተንሸራቷል፤ ጉንጉን ክር ያንሸራትታልና ዙር ጨምሩ። ናይለን ከሆነ ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት፤ ደረቅ ቋጠሮ ሲጠብቅ ይግልና ይዳከማል። ከቋጠሮው ራቅ ብሎ ከተበጠሰ በዘንጉ ቀለበቶች ውስጥ ጥጥ አሳልፉ፤ ጥጡን የያዘው ቀለበት ተሰንጥቋል። መኪና መስታወት ሥር ፀሐይ ሲመታው የከረመ ናይለን ግን ምርመራ አያሻውም፤ ጣሉት።

አልፎ አልፎ ደግሞ ፍሬኑ ጠብቆ ሳለ ጉንጉኑ በጥቅሉ ላይ ይሽከረከራል፤ ከሥሩ ጥቂት ዙር ናይለን አስቀድሙ።

ምልክት፦ ማጥመጃው ድንጋይ ውስጥ ተይዞ ቀረ

አትጎትቱ። ክሩን አላሉት፤ አብዛኛው ጠላቂ ማጥመጃ ተንሳፋፊ ስለሆነ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ራሱን ያወጣል። እምቢ ካለ ክሩን ቆርጣችሁ ተዉት። ቆቃ ጉማሬም አዞም አለው፤ ለማጥመጃ ብሎ ወገቡ ድረስ የሚገባ ሰው አይቼ ተሳድቤያለሁ።

የተቆረጠውን ክር ግን ዳር ላይ አትተዉ፤ ጠቅልላችሁ ወደ ቤት ውሰዱ። አንድ እሑድ እግሮቹ በክር የተተበተቡ አባ ኮዳ አገኘን። ሁለት ሰው ክንፉን ይዞ፣ እኔ በቢላ ፈታሁት። ማታ አቃቂ ስገባ ክሩን ለካሁት፤ 0.45።