የሊኑክስ ሶፍትዌር ሬይድ ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ዲስክ ቢሞት ሬይድ (ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ እንደ አንድ የሚያሠራው ዘዴ) ይችለዋል። የማይችለው በድንጋጤ የተመታ ትዕዛዝ ነው። ስለዚህ ከታች ካሉት ምልክቶች የትኛውም ቢገጥምዎ በሚያነቡ ትዕዛዞች ብቻ ይጀምሩ፤ ዲስክ ላይ የሚጽፍ ነገር ይቆይ። /ፕሮክ/ኤምዲስታት የተባለውን ፋይል ይክፈቱ። ለእያንዳንዱ አባል ፓርቲሽን በሬይድ ማስተዳደሪያው ፕሮግራም «ኤምዲአድም --ኤግዛሚን» ይበሉና ውጤቱን ከአሬዩ (ከተጣመሩት ዲስኮች) ውጭ ባለ ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ። የከርነሉንም (የሊኑክስ እምብርት) መልእክት አብረው ይገልብጡ።

የየዲስኩን ሲሪያል ቁጥር ወረቀት ላይ መጻፍ አይርሱ። ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ የሚባሉት ስሞች ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ሊቀያየሩ ስለሚችሉ፣ የታመመውን ልንቀል ብሎ ጤነኛውን የሚነቅል ሰው ጥቂት አይደለም። (ትዕዛዞቹ እዚህ በአነባበባቸው ተጽፈዋል፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ይገባሉ።)

አንድ አባል ጎድሏል፣ አሬዩ ግን ይሠራል

ኤምዲስታት ላይ [3/2] እና [ዩዩ_] ካዩ ከሦስት አባላት ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል፤ የሥር ሰረዙ ያለበት ቦታ የጎደለው ነው። ከዲስኩ ስም አጠገብ (ኤፍ) ካለ ከርነሉ ራሱ አስወጥቶታል፤ (ኤስ) ከሆነ ተጠባባቂ ነው።

አዲስ ዲስክ ከመግዛትዎ በፊት ስማርትን (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚይዘውን መዝገብ) በ«ስማርትሲቲኤል -ኤ» ከፍተው ሦስት መስመሮችን ይዩ፦ 5 (የተተኩ ሴክተሮች)፣ 197 (ማንበብ ያስቸገሩ ሴክተሮች) እና 199 (በኬብሉ ላይ የተፈጠሩ የማስተላለፍ ስህተቶች)። 5 እና 197 ዜሮ ሆነው 199 ብቻ እየጨመረ ከሆነ የሚጠረጠረው ኬብሉ ወይም መሰኪያው ነው። ይህ ቁጥር ኬብሉ ከተቀየረ በኋላም ወደ ዜሮ አይመለስም፤ መታየት ያለበት መጨመሩን ማቆሙ ነው። 5 ወይም 197 ከቀን ወደ ቀን ካደገ ግን ዲስኩ እየሄደ ነው።

ጥፋቱ የኬብል ከሆነ ኬብሉን ቀይረው ዲስኩን በ«--ሪአድ» ይመልሱት። አሬዩ ቢትማፕ (የተቀየሩ ብሎኮች ምዝገባ) ካለው የሚገለበጠው ዲስኩ በሌለበት ጊዜ የተቀየረው ብሎክ ብቻ ስለሆነ በደቂቃዎች ሊያልቅ ይችላል። ቢትማፕ ከሌለ «--አድ» ብለው ሙሉውን ግንባታ (የዲስኩን ይዘት ከሌሎቹ እንደ አዲስ መሙላት) መጠበቅ ነው።

ዲስኩ ራሱ ታሞ አሁንም ከአሬዩ ሳይወጣ እየተነበበ ከሆነ ግን አይቸኩሉ። ብዙዎች ወዲያው «--ፌይል» ብለው ያወጡታል፤ የአንድ ዲስክ ጉድለት ብቻ በሚችለው በሬይድ 5 ላይ ይህ መጠባበቂያን በገዛ እጅ መጣል ነው። አዲሱን መጀመሪያ እንደ ተጠባባቂ ያስገቡ፤ ከዚያ «--ሪፕሌስ» ብለው አሮጌውን፣ «--ዊዝ» ብለው አዲሱን ይጥቀሱ። ከርነሉ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይገለብጣል፤ የማይነበብ ሴክተር ሲያገኝ ብቻ ከሌሎቹ ያሰላል። አሮጌው የሚሰናበተው ቅጂው ሲያልቅ ነው።

የፓርቲሽን ሰንጠረዡን በ«ኤስጂዲስክ -አር» ሲገለብጡ ከአር ቀጥሎ የሚመጣው መድረሻው ነው፤ ምንጩ መጨረሻ ላይ ይጻፋል። ቦታቸውን ካቀያየሩት የጤነኛው ዲስክ ሰንጠረዥ ይጠፋል። ቀጥሎ አዲሱ ላይ «-ጂ» በማለት መለያዎቹን ይቀይሩ። ማሽኑ ከዚህ አሬይ የሚነሳ ከሆነ የማስነሻ ፕሮግራሙን ግራብን አዲሱ ዲስክ ላይም ይጫኑ፤ ሬይድ የቡት ኮዱን አይገለብጥልዎትም።

ጤነኛ የሚመስል ዲስክ ደጋግሞ ይባረራል

ስማርት «ደህና ነው» ይላል፣ ዲስኩ ግን በየጥቂት ሳምንቱ ይወጣል፤ በተለይ ሙሉ ንባብ ወይም ግንባታ ላይ። ለቤት ኮምፒውተር የተሠሩ ዲስኮች ከሆኑ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሰዓት አለመጣጣም ነው።

ዲስኩ የማይነበብ ሴክተር ሲገጥመው ተስፋ ሳይቆርጥ ከሁለት ደቂቃ በላይ ሊሞክር ይችላል። ከርነሉ ግን በነባሪ የሚታገሠው 30 ሰከንድ ነው። ሰዓቱ ሲያልፍ መስመሩን ያቋርጥና እንደገና ይጀምራል፤ ዲስኩ አሁንም በራሱ ሥራ ተጠምዶ አይመልስም፤ በዚህ መሃል ሬይዱ ሊጽፍበት ሲሞክር ስለማይሳካ ያባርረዋል። ዲስኩ ቶሎ «አልቻልኩም» ቢል ኖሮ ሬይዱ ያንን ሴክተር ከሌሎቹ አስልቶ መልሶ ይጽፍበት ነበር፤ ነገሩም እዚያው ባለቀ።

«ስማርትሲቲኤል -ኤል ኤስሲቲኢአርሲ» በማለት ዲስኩ የሙከራ ጊዜውን የሚገድበውን ቅንብር መቀበሉን ይፈትሹ። ከተቀበለ ለንባብም ለጽሕፈትም 70 ይስጡት፤ መለኪያው የሰከንድ አንድ አሥረኛ ስለሆነ 7 ሰከንድ ማለት ነው። ካልተቀበለ የከርነሉን ትዕግሥት ያርዝሙ፦ በ/ሲስ/ብሎክ ሥር፣ በዲስኩ ስም ውስጥ ካለው ዲቫይስ ማውጫ፣ ታይምአውት የተባለው ፋይል ላይ 180 ይጻፉ። ሁለቱም ማሽኑ ሲጠፋ ስለሚረሱ በዩዴቭ ደንብ ወይም በማስነሻ ስክሪፕት ያጽኑት። ይህን ሳይነኩ ዲስክ መቀየር ችግሩን ለሚቀጥለው ዲስክ ማውረስ ነው።

ማሽኑ ሲነሳ ኤምዲ0 ኤምዲ127 ሆኖ ወጣ

ዳታው ደህና ነው። አሬዩ በኤምዲአድም ኮንፍ (የቅንብር ፋይሉ) ውስጥ አልተመዘገበም፤ ወይም ተመዝግቦ በኢኒትራምኤፍኤስ (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ በሚጫነው ትንሽ የፋይሎች ጥቅል) ውስጥ ያለው አሮጌ ቅጂ ነው። የ«ኤምዲአድም --ዲቴይል --ስካን» ውጤትን ፋይሉ ላይ ይጨምሩ፤ ከዚያ በዴቢያንና በኡቡንቱ «አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ -ዩ»፣ በሬድ ሃት ቤተሰብ «ድራከት -ኤፍ» ያስኪዱ። ኤፍኤስታብ (ሲነሳ የሚጫኑት ዲስኮች ዝርዝር) ውስጥ በዩዩአይዲ (በቋሚ መለያው) ከጻፉ ስሙ ቢቀየርም አይጨነቁም።

ከስሙ አጠገብ «አውቶ-ሪድ-ኦንሊ» የሚል ካዩ ደግሞ ብልሽት አይደለም። አሬዩ የመጀመሪያውን ጽሕፈት እየጠበቀ ነው።

ሁለት ዲስክ ወጥቶ አሬዩ እምቢ አለ

እዚህ ላይ ነው እጅ የሚሰበሰበው። ያስቀመጡትን የኤግዛሚን ውጤት ይክፈቱና «ኢቨንትስ» የሚለውን መስመር (የአሬዩን ለውጦች ቆጠራ) ያነጻጽሩ። ለምሳሌ አራት ዲስክ ባለው ሬይድ 5 ላይ 48210፣ 48210፣ 48203 እና 31977 አገኙ እንበል። ሦስተኛው የወጣው አሁን፣ ከሌሎቹ ትንሽ ቀድሞ ነው። አራተኛው ግን ከወጣ ቆይቷል፤ ማንም አላየውም። አሬዩ የወደቀው ዛሬ ይምሰል እንጂ ጉድለቱ የከረመ ነበር።

በግማሽ የተነሳውን አሬይ በ«--ስቶፕ» ያቁሙ፤ ካላቆሙት «ዲቫይሱ ተይዟል» የሚል ስህተት ይመጣል። ከዚያ «--አሴምብል --ፎርስ» ብለው ሦስቱን ብቻ በስም ይዘርዝሩ፤ ያረጀው አራተኛው እንዳይገባ። ሲነሳ በንባብ ብቻ ይጫኑት፦ ለኢኤክስቲ4 «ኖሎድ»፣ ለኤክስኤፍኤስ «ኖሪከቨሪ» ካልጨመሩ «ንባብ ብቻ» እያሉትም ጆርናሉን (ያላለቁ ጽሕፈቶች መዝገብ) ሊያጫውት፣ ማለትም ሊጽፍ ይችላል። አስፈላጊውን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጠው ሲጨርሱ አራተኛውን ወይም ምትኩን ያስገቡ።

«--ክሪኤት» ብለው እንዳይሞክሩ። አሬዩን በአዲስ መልክ ሲፈጥሩ የዲስኮቹ ቅደም ተከተል፣ የቸንኩ (በየዲስኩ በተራ የሚጻፈው ቁራጭ) መጠን፣ የሱፐርብሎኩ (አባል ዲስኩ ላይ ያለው የአሬዩ መግለጫ) ስሪትና ዳታው የሚጀምርበት ቦታ ሁሉ ከቀድሞው ጋር ልክ መግጠም አለባቸው፤ የመጨረሻው በኤምዲአድም ስሪቶች መካከል ተቀያይሯል። «--አሹም-ክሊን» ከረሱ ደግሞ ሬይድ 5 ወዲያው ማስተካከል ጀምሮ በዳታዎ ላይ ይጽፋል። ሌላ መንገድ ከሌለ ዲስኮቹ ላይ በዲኤምሴትአፕ ስናፕሾት ደርበው ሙከራውን በተደራቢው ላይ ብቻ ያድርጉ።

ግንባታው ያዘግማል

4 ቴራባይት ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢሄድ እንኳ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ያስሉ። ፍጥነቱ ከዚያ በጣም ካነሰ /ፕሮክ/ሲስ/ዴቭ/ሬይድ ውስጥ ዝቅተኛውን የፍጥነት ገደብ ይዩ፤ ነባሪው በሰከንድ 1000 ኪሎባይት ስለሆነ ሌላ ሥራ ሲኖር ግንባታው እስከዚያ ሊወርድ ይችላል። 50000 ማድረግ ይቻላል፤ ተጠቃሚዎች መንቀርፈፍ ይሰማቸዋል። በሬይድ 5 እና 6 ላይ የስትራይፕ ካሹን (ሬይዱ ራም ውስጥ የሚሠራበት ቦታ) ከ256 ወደ 8192 ማሳደግም ይረዳል፤ በአራት ዲስክ 128 ሜጋባይት ራም ይወስዳል። ይህ ሁሉ ሆኖ ፍጥነቱ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ቁልቁል ከወደቀ የገባው ዲስክ ኤስኤምአር (ትራኮቹ ተደራርበው የሚጻፉበት ዓይነት) መሆኑን ያጣሩ፤ ለዚያ ቅንብር አይፈይድለትም።

ማስጠንቀቂያ ኢሜይል መጥቶ አያውቅም

ያ አራተኛ ዲስክ ሳይታይ የከረመው በዚህ ምክንያት ነው። ኮንፉ ውስጥ «ሜይልአድር» መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከዚያ «ኤምዲአድም --ሞኒተር --ስካን --ዋንሾት --ቴስት» ይበሉ። ለእያንዳንዱ አሬይ አንድ የሙከራ መልእክት መድረስ አለበት። ካልደረሰ ማሽኑ ኢሜይል የሚልክበት ፕሮግራም የለውም ወይም ተሳስቷል፤ ከኤምዲአድም በፊት የሚጠገነው እሱ ነው።