ጎኑ ወደ ውስጥ የገባውን የፒውተር ኩባያ እንዲህ መለስኩት

የተጨራመተ የፒውተር ኩባያ ያላችሁ እንዳትጥሉት፣ ይስተካከላል። ፒውተር የብረት ቅይጥ ነው፣ 90 ፐርሰንት ምናምኑ ቆርቆሮ (የጣሪያው ሳይሆን ቲን የሚባለው ብረት) ነው፣ እንዲጠነክር ትንሽ አንቲሞኒ የሚባል ንጥረ ነገርና መዳብ ይገባበታል፣ ያም ሆኖ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይጎደጉዳል በዛው ልክ ደሞ በእጅ ይመለሳል። መዶሻ አላስፈለገኝም፣ የእንጨት ማንኪያ ጀርባ በጨርቅ ጠቅልዬ ኩባያውን የታጠፈ ፎጣ ላይ አጋድሜ ከውስጥ በኩል ከጉድጓዱ ዳር ዳሩን እየዞርኩ ቀስ በቀስ ወደ መሃል ገፋሁት። መሃሉን ቀድማችሁ ከተጫናችሁት ዙሪያውን መስመር ይቀርበታል እና አትቸኩሉ፣ ትዕግስት ነው ዋናው።

እሳት ላይ ላሙቀው እንዳትሉ በፍፁም! ከ170 እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ ይቀልጣል፣ ኦቨን ከገባ አለቀለት በቃ። እቃ ማጠቢያ ማሽንም ያደበዝዘዋል።

ግራጫ የሆነውን ደሞ አቼቶ ውስጥ ትንሽ ጨው አሟሙቼ ዱቄት ጨምሬበት ወፈር ያለ ሊጥ ሲሆን ቀባሁት፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ አቆይቼ ለብ ባለ ውሃ አጥቤ ወዲያው በለስላሳ ጨርቅ አደረቅኩት። የሚገርም ነው፣ ደብዘዝ ያለች ብርማ መልኩ ተመለሰች፣ እኔ እንደውም ከሚያብረቀርቀው ይልቅ እሷን ነው የምወደው። የሽቦ ማጠቢያ አታስነኩት፣ ይጫጭረዋል።

አንድ ነገር ግን፣ የድሮ ፒውተር እርሳስ (ሊድ የሚባለው ብረት) ሊኖረው ይችላል፣ እርሳስ ደሞ መርዝ ነው። እርሳስ የለውም ተብሎ ካልተጻፈበት ለጌጥ ወይ ለአበባ አድርጉት እንጂ በተለይ ወይንና ጁስ የመሰለ አሲድ ያለው ነገር አትጠጡበት።