ጓደኛን በልደቷ ሻይ ስንጋብዝ፦ እንግሊዝ አገር የምንሠራቸው ስህተቶች

እንግሊዝ አገር የምንኖር ሐበሾች ልደት ስናከብር ነገሩን ማሳነስ አንችልበትም። አዳራሽ እንከራያለን፣ ዲጄ እንጠራለን፣ ዶሮ ወጡ በትልቅ ድስት ይሠራል፣ ባለልደቷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እንግዳ ስታስተናግድ ትውላለች። ሁለት የቅርብ ጓደኛሞች ተቀምጠው ልባቸው እስኪጠግብ ማውራት ከፈለጉ ግን እንግሊዞች ጥሩ ነገር አላቸው፤ የከሰዓት ሻይ። እነሱ አፍተርኑን ቲ ይሉታል።

ከእኛ መክሰስ ብዙም አይርቅም። በፈረንጆቹ 1840ዎቹ አካባቢ የቤድፎርድ ዱቼስ (የመስፍን ሚስት) አና እራት እየመሸባት ሆዷን ሲሞረሙራት ሻይና ትንሽ የሚቀመስ ነገር ማስመጣት ጀመረች፣ ቀጥሎም ጓደኞቿን መጥራት ለመደች ይባላል። ከጥንቱም ለወሬ የተፈጠረ ነገር ነው ማለት ነው። አብዛኛው የምንሠራው ስህተት የሚመጣው ይሄን ረስተን ድግስ ስናደርገው ነው።

ለሁለት ሰው አስይዞ ስድስት ሆኖ መሄድ

ይሄኛው ዋናው ነው። ጠረጴዛው ለሁለት ሰው ተይዟል። ዋዜማው ላይ «እንትናም እኮ ትቀየማለች» ይባላል። እሷ ስትጠራ እህቷ ትመጣለች። እህቷ ልጆቿን የምትተውበት የላትም። «ምን አለበት፣ ወንበር ይጨመራል» ብለን እንሄዳለን።

ወንበር አይጨመርም። ምግቡ በሰው ቁጥር ተቆጥሮ የተዘጋጀ ነው። ሁለት ሰው ከተባለ ሳንድዊቹም፣ ስኮን የሚባለው ትንሽ ክብ ዳቦም፣ ኬኩም የሁለት ሰው ነው። ብዙ ቦታ ስታስይዙ የባንክ ካርድ ቁጥር ይቀበላሉ፣ አንዳንዱ ሙሉ ሂሳቡን አስቀድሞ ይወስዳል። ቀኑ ከደረሰ በኋላ ሰው ቢቀርም ይቆረጥባችኋል፣ ሰው ቢጨመርም በር ላይ ትጉላላላችሁ። የስረዛውን ደንብ ከማስያዛችሁ በፊት አንብቡት። በቅዳሜና እሁድ ደግሞ ታዋቂዎቹ ቦታዎች ከሳምንታት በፊት ስለሚሞሉ፣ ልደቱ ሦስት ቀን ሲቀረው ስልክ ማንሳት ዋጋ የለውም።

የሚቀየም ካለ ለእሱ ሌላ ቀን ቡና አፍሉለት።

ቀኑንም ሰዓቱንም ማምታታት

ቀኑ ራሱ ወጥመድ አለው። ስንቱ ሐበሻ ነው ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ 1 ተወለደ ተብሎ የተጻፈበት! ፌስቡክ በዚያ ቀን ግማሽ አገሩን እንኳን ተወለዳችሁ ሲል ይውላል። ስለዚህ ፌስቡክን አትመኑ፣ ጓደኛችሁን ወይ እናቷን ጠይቁ።

የአገር ቤቱን ቀን ካወቃችሁም ወደ ፈረንጅ ስትቀይሩ ተጠንቀቁ። ጥቅምት 5 አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር 15 ላይ ይውላል። ጓደኛችሁ ጥቅምት 5 ቀን 1984 ከተወለደች ግን ትክክለኛው ኦክቶበር 16 ቀን 1991 ነው። ምክንያቱም ከዚያ በፊት የነበረችው ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች፣ መስከረም 1 ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። ልዩነቱ እስከ የካቲት ድረስ ይዘልቃል። አንድ ቀን ናት፣ ግን ሆቴሉ ተይዞ ካለቀ በኋላ «የኔ እኮ ነገ ነው» መባል ያናድዳል።

ሰዓቱ ይብሳል። «አራት ሰዓት ላይ እንገናኝ» ብትሏት፣ ከአገር ቤት በቅርብ የመጣች ጓደኛ ጠዋት ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆማ ልታገኟት ትችላላችሁ። እዚህ የከረመችው ደግሞ ከሰዓት ነው ብላ ትረዳለች። በጽሑፍ ላኩላት፣ 16:00 ብላችሁ። ማርፈድም እንደ ሐበሻ ቀጠሮ አይታለፍም። ጠረጴዛው የሚሰጣችሁ ለአንድ ሰዓት ተኩል ወይም ለሁለት ሰዓት ነው። አርባ ደቂቃ ካረፈዳችሁ መጨረሻው አይገፋላችሁም፣ የሚቀነሰው ከወሬያችሁ ነው።

ጾሙን መርሳት

ልደቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ሊውል ይችላል። ከነሐሴ 1 በኋላ ከሆነ ፍልሰታ ነው። ከኅዳር 15 በኋላ ከሆነ የነቢያት ጾም ገብቷል። ዐቢይ ጾምማ 55 ቀን ነው፣ ብዙ ሰው ልደቱ እዚያ ውስጥ ይገባል።

የእንግሊዝ ሻይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ፍስክ ነው። ዳቦው ቅቤ ተቀብቷል። ሳንድዊቹ እንቁላል፣ ሳልመን፣ ሃም የሚባለው የአሳማ ሥጋ ነው። ኪያር ያለበትን አይታችሁ «ይሄ ጾም ነው» አትበሉ፣ እሱም ብዙ ጊዜ ቅቤ ወይም አይብ አለው። ስኮኑ በቅቤና በወተት ነው የሚቦካው፣ ክሬሙ ከነስሙ ወተት ነው።

እዚህ ላይ የሚደጋገመው ስህተት ስታስይዙ «ቬጀቴሪያን» ማለት ነው። ቬጀቴሪያን ሥጋ የለውም ማለት ብቻ ነው፣ እንቁላልና ወተት አለው። የሚጠየቀው ቪጋን ነው፣ ከእንስሳት የሚገኝ ነገር ጭራሽ የሌለበት። ቪጋን ብትሉ ዓሣም ስለማይኖር ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውም ክርክር አብሮ ይቀራል። አሁን ብዙ ሆቴሎች የቪጋን ሻይ አላቸው፣ ግን አስቀድሞ ካልተነገራቸው ላይኖር ይችላል። ከ24 ወይም ከ48 ሰዓት በፊት እንዲነገራቸው የሚፈልጉ አሉ።

አንድ የሚገርም መግጠም አለ። ጓደኛችሁ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆይ ከሆነ፣ ዘጠኝ ሰዓት ማለት በእንግሊዝ አቆጣጠር ከሰዓት 3 ሰዓት ነው። ሻዩን ለ3:30 ካስያዛችሁ ዱቼሷ ለእኛ ያሰበችልን ይመስላል። በሰሙነ ሕማማት ግን ተዉት፣ ከፋሲካ በኋላ ይደረሳል።

ጓደኛችሁ ሙስሊም ከሆነች ሃሙን ማስወጣት ብቻ አይበቃም። አንዳንዱ የክሬም ጣፋጭ ጄላቲን አለው፣ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ማለት ነው። እሱንም ጠይቁ። በረመዳን ደግሞ የከሰዓት ሻይ ጭራሽ አይታሰብም፣ ዒዱ ይሻላል።

በይሉኝታ «በቃኝ» ማለት

እኛ ዘንድ መጀመሪያ ሲቀርብልህ «በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ» ትላለህ። ጋባዡ «በሞቴ!» ይልሃል። ትንሽ ታንገራግርና ትበላለህ። ይሄ ጨዋነት ነው። የለንደን አስተናጋጅ ግን ይሄን ጨዋታ አያውቅም። በብዙ ትልልቅ ሆቴሎች ሳንድዊች ሲያልቅ ያለ ተጨማሪ ሂሳብ ይደገማል። አስተናጋጁ ይመጣና «ልጨምርላችሁ?» ይላል። ባለልደቷ በይሉኝታ «ኖ ታንክ ዩ» ትላለች። እሱም ፈገግ ብሎ ይሄዳል። አለቀ። ሁለተኛ አይመለስም።

ጋባዧ እናንተ ናችሁና ለእሷ መመለስ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። «አዎ፣ ጨምርልን» በሉ። ያለ ሂሳብ የሚደገም መሆኑን ግን ቀድማችሁ አረጋግጡ፣ ሁሉም ቦታ እንደዚያ አይደለም። ለጓደኛችሁም በአማርኛ ሹክ በሏት፤ ሂሳቡ ያው አንድ ነው ስትባል ይሉኝታዋ ወዲያው ይለቃታል።

በዚህ አጋጣሚ፣ ጉርሻ ይፈቀዳል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። ማን ይከለክላችኋል? ስኮን በክሬም አጉርሷት፣ ልደቷ አይደል።

ሻዩን እንደ አገር ቤት ሻይ መጠበቅ

ቀረፋ የለም፣ ቅርንፉድ የለም፣ ሄል የለም። የሻዩን ዝርዝር ሲሰጧችሁ ሃያ ዓይነት ስም ታያላችሁ። ግራ ከተጋባችሁ ኢንግሊሽ ብሬክፋስት ወይም አሳም ጠይቁ፤ ጠንካራ ናቸው፣ ወተትም ስኳርም ይችላሉ። ኧርል ግሬይ ቤርጋሞት በሚባል የሎሚ ዘመድ የተቀመመ ነው፣ ጠረኑን የማይወድ ሰው ሽቶ ጠጣሁ ይላል። ዳርጂሊንግ ቀላል ስለሆነ ወተት ያበላሸዋል።

ማንቆርቆሪያው እንደመጣ ወዲያው አትቅዱ። ሦስት፣ አራት ደቂቃ ጠብቁት። ቅጠሉ ውስጡ የሚቀር ከሆነ ደግሞ ብዙ ሲቆይ ይመራል፤ ያን ጊዜ ሙቅ ውሃ ጠይቁ፣ ይሰጧችኋል። በመሃል ሻዩን በሌላ ዓይነት መቀየርም ብዙ ቦታ ይቻላል፣ የሚጠይቅ ሐበሻ ግን አላየሁም።

ማኪያቶ አትዘዙ። ማኪያቶ የትም አለ።

ከላይኛው ሳህን መጀመር

ምግቡ የሚቀርብበት ባለ ሦስት ደርብ ሳህን ሲመጣ ዓይን የሚሄደው ወደ ኬኩ ነው። ኬክ ቀድሞ ከገባ ሳንድዊቹ አይበላም። መጀመሪያ ጨው ያለበት፣ ቀጥሎ ስኮን፣ መጨረሻ ጣፋጩ። ስኮኑን በእጅ ለሁለት ከፈል አድርጉት፣ ከዚያ ማርማላታና ክሬም ይቀባል። የዴቨን ሰዎች ክሬሙ ይቅደም ይላሉ፣ የኮርንዎል ሰዎች ማርማላታው። ይሄ ለእነሱ ቀልድም ነው፣ ቁም ነገርም ነው። እናንተ እንደፈለጋችሁ ቀቡ።

ምሳ በልታችሁ አትሂዱ። ሳንድዊቿን ጣት የምታክል ናት ብሎ መናቅም አለ፤ ስኮኑ ላይ ስትደርሱ ትፈርዳላችሁ። ለማታ ክትፎ ቤት የቀጠራችሁም ሰርዙ።

ኬክ ተሸክሞ መሄድ

ከሐበሻ ኬክ ቤት ያዘዛችሁት ባለ ሁለት ኪሎ ኬክ ለቤት ይቆይ። አንዳንዱ ቦታ ከውጭ የመጣ ምግብ አያስገባም፣ አንዳንዱ ለመቁረጫ ያስከፍላል። ይልቅ ስታስይዙ ልደት መሆኑን ተናገሩ። ብዙ ጊዜ በቸኮሌት «መልካም ልደት» የተጻፈበት ትንሽ ሳህን ከሻማ ጋር ያመጣሉ። በነጻ ነው ወይስ በሂሳብ የሚለውን ጠይቁ፣ ትልቅ ኬክ የሚያስቆርጡ ቦታዎች ዋጋው ሌላ ነው።

ባለልደቷ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት የምትሸማቀቅ ዓይነት ከሆነች ግን ዘፈኑ ይቅር በሉ። ዕድሜ በሻማ ቁጥር ማሳየትም እንደ ሰዉ ነው፤ አርባን ያለፈች ጓደኛ አንድ ሻማ ይበቃታል።

ስም ያለው ሆቴል ካልሆነ ብሎ ድርቅ ማለት

የለንደኑ ሪትዝ ሆቴል ያምራል፣ የሚካድ አይደለም። ፎርትነም ኤንድ ሜሰን የሚባለው መደብርም ከፈረንጆቹ 1707 ጀምሮ ያለ ቤት ነው። ግን በእነዚህ ቦታዎች ለአንድ ሰው ከ60 ፓውንድ በላይ ነው የምታወጡት፣ ሻምፓኝ ከጨመራችሁ ከዚያም ያልፋል። ሪትዝ በጂንስና በስኒከር አያስገባም። ነጭ የሐበሻ ልብስ ለብሳችሁ ብትሄዱ ግን ከማንም በላይ ታምራላችሁ።

ኪስ ካልቻለ ክሪም ቲ የሚባል አለ። ስኮን፣ ማርማላታ፣ ክሬም፣ ሻይ፤ በቃ። በትንንሽ ሻይ ቤቶች ዋጋው ከሆቴሉ ጋር አይወዳደርም፣ ከጠረጴዛው ተነሱ የሚላችሁም አይቸኩልም። እኔን ብትጠይቁኝ ለሁለት ጓደኛሞች ይሄኛው ይበልጣል።

ቀኑን ሙሉ መስጠት ለምትችሉ ደግሞ ባዝ ከተማ አለች። ከለንደን ፓዲንግተን ባቡር ጣቢያ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እዚያ ፓምፕ ሩም በሚባለው አሮጌ አዳራሽ ሻይ ይጠጣል። በዚያው ከተማ ፌርፊልድ ሀውስ አለ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣልያን ወረራ ጊዜ በስደት የኖሩበት ቤት ነው። በ1958 ለከተማዋ ሰጥተውታል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። በየቀኑ ክፍት ስላልሆነ ከመሄዳችሁ በፊት አረጋግጡ። የጓደኛችሁ ልደት ሐምሌ 16 ከሆነማ ከንጉሡ ጋር አንድ ቀን ነው፣ ድሮ በዓል ሆኖ የሚከበርበት ቀን።

ሂሳብ ላይ መታገል

አስተናጋጁ ሂሳቡን ሲያመጣ ሁለት ሐበሻ ወረቀቱን ይዞ ሲጓተት ማየት ለእኛ ፍቅር ነው። ለአስተናጋጁ ጠብ ነው። በዚያ ላይ ባለልደቷ አሸንፋ ከከፈለች በገዛ ልደቷ ጋባዥ ሆነች ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስታስይዙ ቀድማችሁ ክፈሉ፣ ወይም ሽንት ቤት እሄዳለሁ ብላችሁ ተነስታችሁ ጨርሱት።

ከመክፈላችሁ በፊት ወረቀቱን እዩት። በለንደን ብዙ ቦታ 12.5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተደምሮ ነው የሚመጣው። እሱ ካለበት ሌላ ጉርሻ መተው ግዴታ አይደለም። አይተውት ሳያውቁ ሁለት ጊዜ የሚከፍሉ ብዙ ናቸው።

የተረፈውን ኬክና ስኮን አስጠቅልሉ፣ አያሳፍርም። ብዙዎቹ ቆንጆ ካርቶን አላቸው፣ ሳትጠይቋቸው የሚያመጡም አሉ። እንቁላልና ዓሣ ያለበትን ሳንድዊች ግን ብዙ ቦታ አያስወጡም፣ እሱን እዚያው ጨርሱት።